ዝናብ ሸጦ ማደር

ዝናብ በነፃ ይወርዳል። የባሕር ማዕበል ሲመጣና ሲመለስ ቀረጥ የሚጠይቀው የለም፤ ወፍም በማለዳ ስትጮህ ደረሰኝ አትቆርጥም። ይሁን እንጂ እነዚህን በነፃ የሚገኙ ድምፆች ቀርጾ፣ በሲንተሳይዘር ከተሠራ ዜማ ጋር አዋህዶ የሚሸጠው ንግድ ከተጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሸቀጡ ግጥም የለውም፣ ዘፋኝ የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከበሮም የለውም። ገዢው ልብ ብሎ እንዲያዳምጠው እንኳ አይጠበቅም። ሳይጨርሰው እንቅልፍ ከወሰደው ዕቃው ሠራ ማለት ነው።

ወደዚህ ለስላሳ ገበያ ግን ከ2023 ወዲህ እንቅልፍ የሚነሳ ጭቅጭቅ ገብቶበታል። (ከአንድ የአገር ውስጥ አዋጅ ቁጥር በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጭቅጭቁ ፍሬ ነገር አጭር ነው። አንድ አቀናባሪ ሳምንት ሙሉ የደከመበት የአራት ደቂቃ ዜማና ሌላው ሰው መስኮቱን ከፍቶ የቀረጸው የሠላሳ ሰከንድ ዝናብ እኩል ይከፈላቸው ወይ? በኢንተርኔት ሙዚቃ የሚያሰሙት ትላልቅ ኩባንያዎች እስከዚያ ዓመት ድረስ በተግባር የሰጡት መልስ "አዎን" የሚል ነበር። ዛሬ መልሱ ተለውጧል። እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ለመረዳት ግን ንግዱ ከተወለደበት የኒውዮርክ ባሕር ዳርቻ መነሳት ይሻላል።

ኮምፒዩተር ያደሰው ባሕር

በ1969 ኢርቭ ቴይበል የተባለ አሜሪካዊ "ኢንቫይሮንመንትስ" በሚል ርዕስ አንድ ሸክላ አሳተመ። በአንደኛው ገጽ ላይ ያለው የባሕር ማዕበል ድምፅ ብቻ ነው። መነሻው ብሩክሊን በሚገኘው ብራይተን ቢች የተቀረጸ ድምፅ ሲሆን ቴይበል ግን በቀረጸው አልረካም። ድምፅ መቅጃ ይዞ ባሕር ዳር የሄደ ሁሉ የሚደርስበት ነገር ነው። ጆሮ በቦታው ቆሞ የሰማውን ግርማ ማይክሮፎኑ ይዞት አይመለስም፤ ቤት ሲደርስ የሚሰማው ሹክሹክታና ጫጫታ ብቻ ይሆናል። ቴይበል ሉዊስ ገርስትማን ከተባለ ሳይንቲስት ጋር ሆኖ ቅጂውን በአይቢኤም 360 ኮምፒዩተር አሳልፎ ካስተካከለው በኋላ ነው ባሕሩ ባሕር የመሰለው። በሌላ አነጋገር በዚህ ገበያ የተሸጠው የመጀመሪያው ታዋቂ "ተፈጥሮ" ፋብሪካ ገብቶ የወጣ ተፈጥሮ ነበር።

የቴይበል ኩባንያ ሲንቶኒክ ሪሰርች እስከ 1979 ድረስ አሥራ አንድ ሸክላዎች አወጣ። ነጎድጓድ፣ ወፎች፣ ሐይቅ፣ የንጋት ጫካ ሁሉም ተራቸውን አገኙ። የንግድ ስልቱ ደግሞ ከሙዚቃው ዓለም የተቀዳ አልነበረም። ሸክላዎቹ እንቅልፍ ለማምጣት፣ ለማንበብ፣ ሐሳብ ለመሰብሰብ ይረዳሉ እየተባሉ እንደ ቤት ዕቃ ነበር የሚተዋወቁት። ዘፋኝን ማንም ሰው "ይህ ዘፋኝ ለምን ይጠቅማል?" ብሎ አይገዛውም። እዚህ ግን ጥቅሙ ነው የሚሸጠው፤ አሁንም እንደዚያው ነው።

ሙዚቃውን ከዚህ ጋር ያገናኙት ሌሎች ናቸው። እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ በ1975 መጀመሪያ ላይ በመኪና አደጋ ተጎድቶ አልጋ ላይ ሳለ አንዲት ወዳጁ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሃርፕ ሙዚቃ ሸክላ ይዛለት ትመጣለች። ሸክላው ከተከፈተና እሷ ከሄደች በኋላ ነው ድምፁ እጅግ ዝቅ ብሎ መከፈቱን የተረዳው። ተነስቶ ከፍ እንዳያደርገው ጉዳቱ አልፈቀደለትም። ውጪ ይዘንባል። ሃርፑ በዝናቡ መሀል አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ እያለ ተሰማው። ኢኖ ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ እንደ ክፍሉ ብርሃንና እንደ ውጪው ዝናብ የአካባቢው አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ ይዞ ሠራ። በዚያው ዓመት "ዲስክሪት ሙዩዚክ"፣ በ1978 "ሙዩዚክ ፎር ኤርፖርትስ" ወጡ። በ1982 ባሳተመው "ኦን ላንድ" ላይ ደግሞ እንቁራሪትና ሦስት አፅቄዎችን ከሲንተሳይዘሩ ጋር አስገባቸው።

አሜሪካ ውስጥ ስቲቨን ሃልፐርን "ስፔክትረም ስዊት" የተባለውን ሥራውን በ1975 ሲያወጣ ሙዚቃ ቤቶች የት መደርደሪያ ላይ እንደሚያስቀምጡት አላወቁም ነበር። ጃዝ አይደለም፤ ሮክ አይደለም፤ ክላሲካልም አይደለም። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ካሴት መጻሕፍት ቤት፣ የጤና ምግብ መደብርና የዮጋ ማሠልጠኛ ውስጥ ነበር የሚሸጠው። ነጋዴ ለሆነ አንባቢ ከታሪኩ ሁሉ ይህ ክፍል ሳይጠቅም አይቀርም። ዕቃው በለመደው ገበያ ቦታ ቢያጣ የደንበኛውን ድካም በሚያውቅ ሌላ ሱቅ ገባ። ካናዳዊው የዱር እንስሳት ፊልም አንሺ ዳን ጊብሰን በ1981 "ሶሊቲዩድስ" የተባለውን ተከታታይ ሥራ ሲጀምርም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። መጀመሪያ የጫካና የሐይቅ ድምፅ ብቻ፣ በኋላ ደግሞ በዛሬዋ ዛምቢያ የተወለደው ሄኒ ቤከር በቁልፍ ሰሌዳ ያቀናበረው ሙዚቃ ተጨምሮበት በስጦታ ዕቃ መደብሮች ተሠራጨ። እንዲህ ያለው ሲዲ የሚቀርብበት ቁም ሣጥን አዝራሮች ነበሩት። ሰው አዝራሩን ይጫናል፣ ሃያ ሠላሳ ሰከንድ ፏፏቴ ይሰማል፣ ሲዲውን አንስቶ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ይሄዳል።

ትላልቆቹ ዘግይተው ነቁ። ዊሊያም አከርማን የተባለው አናጢ ከወዳጆቹ ባሰባሰበው 300 ዶላር በ1976 የጀመረው ዊንደም ሂል የተባለ አሳታሚ በጊታርና በፒያኖ ብቻ ገበያ ፈጥሮ አደገ፤ በ1990ዎቹ ቢኤምጂ ጠቅልሎ ገዛው። የግራሚ ሽልማት በ1987 ለ"ኒው ኤጅ" ሙዚቃ ራሱን የቻለ ዘርፍ ከፈተ። ቢልቦርድ መጽሔት በ1988 የሽያጭ ደረጃ ሠንጠረዥ አወጣለት። በጃፓን ደግሞ ኪታሮ በ1980 ኤንኤችኬ ቴሌቪዥን ላሳየው የሐር መንገድ ዘጋቢ ፊልም በሲንተሳይዘር የሠራው ሙዚቃ ከአገሩ አልፎ ዓለም ዞረ።

ስታንፎርድን ያበለፀገው ቁልፍ ሰሌዳ

ይህ ሁሉ ሲሆን መሣሪያው ውድ ነበር። በ1970ዎቹ አንድ ትልቅ ሲንተሳይዘር መግዛት የቤት መኪና እንደ መግዛት ነበር፤ ለዚያውም ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኖታ በላይ አያሰሙም። ነገሩ የተለወጠው በ1983 ነው። ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባለውን ቁልፍ ሰሌዳ በ1,995 ዶላር ገበያ ላይ አዋለ። አሥራ ስድስት ኖታዎች በአንድ ጊዜ ያሰማል፤ ደወሉ፣ ብርጭቆ የሚመስለው ድምፁ፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖው ከዚያ በፊት አልተሰማም። ከ150 ሺህ በላይ ተሸጠ።

ከዲኤክስ 7 በስተጀርባ ያለው ውል ከመሣሪያው ያላነሰ የሚወራለት ነው። ድምፁ የሚፈጠርበትን ዘዴ ያገኘው ጆን ቻውኒንግ የተባለ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰው ሲሆን ዘመኑም 1967 ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግኝቱን መጀመሪያ ላቀረበላቸው የአሜሪካ ኦርጋን አምራቾች ነገሩ አልታያቸውም። ያማሃ ግን መሐንዲስ ልኮ አየው፤ ገባውና ፈረመ። ዕቃው ለሕዝብ እስኪቀርብ ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀ ሥራ ነበር። ስታንፎርድ ከዚህ የባለቤትነት መብት ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘበት። ኦርጋን አምራቾቹ ዛሬ ምን እንደሚሉ መገመት አያስቸግርም።

በዚያው በ1983 ሚዲ የተባለው የጋራ መግባቢያ ቋንቋ ወጣ። የተለያዩ ፋብሪካዎች ምርት የሆኑ መሣሪያዎች በአንድ ገመድ ተያይዘው እንዲታዘዙ የሚያስችል ነው። ተፎካካሪ ኩባንያዎች ተስማምተው የንግድ ምልክታቸውን ወደ ጎን ያሉበት ከስንት አንድ ጊዜ የሚታይ ነገር ነበር። ሮላንድ ዲ-50 በ1987፣ ኮርግ ኤም 1 በ1988 ተከተሉ። በተለይ እነዚህ ሁለቱ ከዲኤክስ 7 ይልቅ ለስላሳ፣ ትንፋሽ ያለባቸው ድምፆች ይዘው ስለመጡ ለማረፊያ ሙዚቃ ሠሪዎች የተፈጠሩ እስኪመስል ድረስ ተስማሟቸው። ከዚያ ወዲህ ባለ ሃያ ሰው ኦርኬስትራ መቅጠር ቀረ። አንድ ሰው በመኝታ ቤቱ ውስጥ አልበም ጨርሶ መውጣት ቻለ። የዋጋው መውደቅ ያስከተለው ግን መልካም ነገር ብቻ አይደለም። መግባት ቀላል የሆነበት ገበያ ሁሉም የሚገባበት ገበያ ነው።

ሽንኩርት ሲቁላላ

ሥራው ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ አንድ ሌሊት ይሞክረው። ዝናብ ለመቅረጽ ማይክሮፎኑን ዝናቡ ላይ ያስጠጋ ሰው ቤቱ ገብቶ ሲሰማው ያገኘው ድስት ውስጥ ሽንኩርት ሲቁላላ ነው። ጠብታው ከማይክሮፎኑ አጠገብ ሲያርፍ የሚሰጠው ድምፅ ዘይት ከሚረጨው ጋር አይለይም። የለመዱት ከበረንዳ ውስጥ ሆነው፣ ዝናቡ ሰፋፊ ቅጠል ላይ ወይም ራቅ ብሎ መሬት ላይ ሲያርፍ ይቀርጹታል። የቆርቆሮ ጣራ ሌላ ነው። እዚህ አገር ያደገ ሰው እንደዚያ የሚያስተኛ ድምፅ የለም ብሎ ይምላል፤ ነገር ግን የቆርቆሮው ዝናብ ከጉርምርምታው እስከ ፉጨቱ ሁሉንም ቦታ ስለሚይዝ ሙዚቃ የሚገባበት ቀዳዳ አይተውም። ነፋስም ጠላት ነው። ማይክሮፎኑን ጸጉራም ልባስ ሳያለብሱ ወደ ሜዳ መውጣት ከንቱ ድካም ነው። ወፍ የሚፈልግ ደግሞ ሚኒባሱ፣ ጄኔሬተሩና አውሮፕላኑ ሳይነሱ፣ ጎህ ሲቀድ ቦታው ላይ መድረስ አለበት።

ከሲንተሳይዘሩ በኩል የሥራው ዋና ዕቃ ፓድ የሚባለው ነው። ቁልፉ ሲነካ ድምፁ ቶሎ አይወጣም። ሁለት ሦስት ሰከንድ ወስዶ እንደ ጉም ይነሳል፤ ጣት ከተነሳ በኋላም አምስት ስድስት ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል። ይህንን የሚወስኑት መሣሪያው ላይ ያሉ ሁለት ማስተካከያዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ከተዛቡ ግን የሰርግ ኪቦርድ ይሆናል። የሚቀጥለው ማጣሪያው ነው። ማጣሪያው ቀጫጭኑን ድምፅ ሲዘጋ ሙዚቃው ከግድግዳ ጀርባ የሚሰማ ያህል ይለሰልሳል።

የባሕሩን ድምፅ ራሱን በሲንተሳይዘር መሥራትም ይቻላል። የሬዲዮ ጣቢያ ሳይያዝ የሚሰማው "ሿ" የሚለው ድምፅ በባለሙያዎቹ ነጭ ጫጫታ ይባላል። ይህ ድምፅ በማጣሪያ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረግና ማጣሪያው በየስምንት በየአሥር ሰከንዱ ቀስ ብሎ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ይታዘዛል። ማዕበል መጣ፣ ተሰበረ፣ ተመለሰ። ሁለተኛ ማዕበል በተለየ ፍጥነት ከተጨመረበት ደግሞ ጆሮ መታለሉን አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው የቦታ ድልድል ነው። ወፎች አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሺህ ኸርዝ በላይ ስለሚዘምሩ ፓዱ ከዚያ በታች እንዲቀመጥ ይደረጋል። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተጋፉ አድማጩ ምክንያቱን ሳያውቅ ይደክመዋል። ፍጥነቱ ከልብ ምት እንዳይበልጥ፣ በደቂቃ 60 ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይመረጣል። ማርኮኒ ዩኒየን የተባሉት እንግሊዛውያን በድምፅ ከሚያክሙ ሰዎች ጋር ሆነው በ2011 ያወጡት "ዌይትለስ" የተሰኘ ሥራ ከ60 ይጀምርና ሳይታወቅ ወደ 50 ይወርዳል።

ብዙ ጀማሪ የሚጋለጥበት ስህተት ድግግሞሽ ነው። የአንድ ደቂቃ የጫካ ድምፅ ተቆርጦ ይቀጠልና ለአንድ ሰዓት ይለጠጣል። አድማጩ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አይነቃበትም። አራተኛው ደቂቃ ላይ ያቺ ወፍ አሁንም በዚያው ሰከንድ፣ በዚያው አኳኋን እንደምትጮህ ይደርስበታል። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም፤ የሚቀጥለውን ጩኸት እየጠበቀ ያነጋል። መፍትሔውን ኢኖ በ1978 አሳይቷል። ከ"ሙዩዚክ ፎር ኤርፖርትስ" አንዱ ክፍል ላይ አንዱ ኖታ በየ23 ሰከንድ ተኩሉ፣ ሁለተኛው ወደ 26 ሰከንድ በሚጠጋ፣ ሦስተኛው ወደ 30 ሰከንድ በሚጠጋ ጊዜ ይመለሳሉ። ርዝመታቸው ስለማይገጥም ዳግመኛ በአንድ መልክ የሚገናኙበት ጊዜ እጅግ ሩቅ ነው። ዛሬም ጥሩ የሚባሉት ሠሪዎች ዝናቡን በአንድ ርዝመት፣ ወፎቹን በሌላ፣ ፓዱን በሦስተኛ ርዝመት ቆርጠው ያስኬዳሉ።

የሌሊቱ ሒሳብ

ካሴትና ሲዲ በነበረበት ዘመን ገዢው አንድ ጊዜ ከፍሎ ሺህ ሌሊት ይተኛበት ነበር። ሻጩ ከአንደኛው ሌሊት በኋላ የሚያገኘው የለም። የኢንተርኔት አገልግሎቶቹ ይህንን ገለበጡት። ከደንበኞች የተሰበሰበው ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ይገባና በተደመጠው ቁጥር ልክ ይከፋፈላል። አንድ ሥራ ተደመጠ የሚባለው ደግሞ 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው።

ነጋዴ ይህንን ሲሰማ ቶሎ ይገባዋል። ሰው ስምንት ሰዓት ይተኛል እንበል። አልጋው አጠገብ ያለው ስልክ የአራት ደቂቃ ዜማዎችን ቢያሰማ በሌሊት ውስጥ 120 ጊዜ ይቆጠራል። የ31 ሰከንድ የዝናብ ቁርጥራጮችን ቢያሰማ ግን ከ900 በላይ ይቆጠራል። ዝናቡን ቆራርጦ የጫነው ሰው ዜማውን ከሠራው ከሰባት እጥፍ በላይ ያገኛል ማለት ነው። ቋቱ ደግሞ አንድ ስለሆነ የሚያገኘው ከሌላው ድርሻ ላይ ነው።

በ2023 ዓመቱ ሲጀምር የዩኒቨርሳል ሙዚቃ ኩባንያ ኃላፊ ሉሲያን ግሬንጅ ለሠራተኞቻቸው በጻፉት ደብዳቤ ይህንኑ የ31 ሰከንድ ዘዴ አንስተው ወቀሱ። በነሐሴ ወር ብሉምበርግ ከስፖቲፋይ የውስጥ ሰነድ ጠቅሶ እንደዘገበው የዝናብና የነጭ ጫጫታ ፖድካስቶች በቀን 3 ሚሊዮን ሰዓት ይደመጡ ነበር፤ ኩባንያው አድማጮቹን ወደ ሌላ ቢያዞር በዓመት 35 ሚሊዮን ዩሮ ተጨማሪ ትርፍ እንደሚያገኝም ታስቦ ነበር። በመስከረም የፈረንሳዩ ዲዘር ከዩኒቨርሳል ጋር ተስማምቶ ባለሙያ ያልሠራውን የጫጫታ ቅጂ ከክፍያ ቋቱ እንደሚያስወጣና በራሱ ቅጂ እንደሚተካ አስታወቀ። ዲዘር እንዲህ ያለው ድምፅ ከጠቅላላው መደመጥ 2 ከመቶ ያህል እንደሚይዝ ገልጿል። ሁለት ከመቶ ትንሽ መስሎ የሚታየው የቋቱን መጠን ላላሰበ ሰው ነው።

ስፖቲፋይም በኅዳር ወር ተከተለ። ከ2024 ጀምሮ የዝናብ፣ የነፋስና የመሳሰሉት ቅጂዎች ክፍያ እንዲያገኙ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ መሆን አለባቸው፤ ዋጋቸውም ከሙዚቃ ዋጋ ቁራሽ ያህል እንዲሆን ተወሰነ። በላዩ ላይ ደግሞ ማንኛውም ሥራ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1,000 ጊዜ ካልተደመጠ ምንም አይከፈለውም። ኩባንያው ያቀረበው ምክንያት ከዚያ በታች የሆኑት ሥራዎች በአማካይ በወር የሚያገኙት 3 የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ስለሆነ ገንዘቡ ባለቤቱ እጅ ሳይደርስ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል የሚል ነው። ለጀማሪ ግን 999 ጊዜ ተደምጦ ባዶ እጅ መቅረት መራራ ነው። ድንበሩ የት ላይ እንደሚሰመርም ገና አከራካሪ ነው። ዝናብ ብቻ ጫጫታ ነው፤ ዝናብና ሦስት የፓድ ኖታ ምን ይባል?

የድምፅ ባለቤትነት ነገርም ቀልድ የሚመስልበት ጊዜ አለ። አንድ አውስትራሊያዊ ሙዚቀኛ ራሱ በመሣሪያ የፈጠረውን የአሥር ሰዓት ነጭ ጫጫታ ዩቲዩብ ላይ ጭኖት ነበር። በ2018 መጀመሪያ ላይ በዚህች "ሿ" ላይ አምስት የይገባኛል ጥያቄ እንደቀረበበት ይፋ አደረገ። ጫጫታ ከጫጫታ ጋር ይመሳሰላልና የማነጻጸሪያው ማሽን አልፈረደም።

ከዝናቡ ነጋዴ ሌላ ተፎካካሪም መጥቷል። ኤንደል የተባለው ማረፊያ ድምፅ በፕሮግራም የሚያመርት ድርጅት በ2019 ከዋርነር ሙዚቃ ጋር ለ20 አልበም ሥርጭት ተዋውሏል። ዲዘር በሚያዝያ 2025 እንዳስታወቀው ሙሉ በሙሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ከ20 ሺህ በላይ ሥራዎች በየቀኑ ይደርሱት ነበር፤ ይህም በዚያን ጊዜ ይገባለት ከነበረው አዲስ ሥራ 18 ከመቶ ነበር። ሰው ሆኖ ማሽን የሚያክል ምርት ያለውም አልጠፋም። የስዊድኑ ዳገንስ ኒሄተር ጋዜጣ በመጋቢት 2024 እንዳጋለጠው ዮሃን ሮር የተባለው አቀናባሪ ከ650 በሚበልጡ የተለያዩ ስሞች ከ2,700 በላይ ሥራዎች ስፖቲፋይ ላይ አውጥቶ 15 ቢሊዮን ጊዜ ተደምጧል። አድማጩ ስድስት መቶ ሰው ያዳመጠ መስሎት ሲተኛ የነበረው በአንድ ሰው ሙዚቃ ነው።

"ክላሲካሉ"

ድምፃዊ የሌለው ሙዚቃ ለኢትዮጵያ ገበያ እንግዳ አይደለም። በካፌና በሆቴል፣ በቴሌቪዥን ፕሮግራሞች መካከል ሲንቆረቆር የኖረው በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ዜማ "ክላሲካል" ይባላል እንጂ ባኽንና ሞዛርትን ማለት አይደለም። በሲንተሳይዘር ብቻውን ከሠሩት ኢትዮጵያውያን ውስጥ የኃይሉ መርጊያ ነገር ለዚህ ገጽ አንባቢ ተስማሚ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ ከቡድኑ ጋር በ1981 አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ዲኤክስ 7 እና የምት ማሽን ይዞ ነባር ዜማዎችን ብቻውን ቀረጸ። ካሴቱ ርዕሱ ላይ "ክላሲካል" የሚለውን ቃል ይዞ ወጣ። ከዚያ ኃይሉ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከዕቃ መጫኛው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2013 አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ካሴቱን ባሕር ዳር ገዝቶ ባለቤቱን ፈልጎ አገኘና እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ሃያ ስምንት ዓመት የተኛ ሸቀጥ ገዢ አገኘ ማለት ነው።

ገበያውን ለመሞከር የሚያስብ ወጣት አቀናባሪም ሆነ ገንዘቡን የሚያወጣለት ሰው ሕጉን አስቀድሞ ቢያየው አይጎዳም። ዝናብ የማንም አይደለም፤ የተቀረጸ ዝናብ ግን ባለቤት አለው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድምፅ ቅጂ አዘጋጅ መብቱ ለ50 ዓመት ይጠበቅለታል። ከኢንተርኔት የወረደ የፏፏቴ ድምፅ "ለንግድ አይውልም" የሚል ማስጠንቀቂያ ሳይነበብ አልበም ውስጥ ከገባ ሒሳቡ የሚመጣው ሥራው መደመጥ ሲጀምር ነው። ስለዚህ የራስን ዝናብ መቅረጽ ይሻላል፤ ክረምቱ ደግሞ እዚህ አገር አይሰስትም። ገንዘቡን በተመለከተ በነጋዴዎቹ ዘንድ በግምት የሚነገረው 1,000 ጊዜ ለተደመጠ ሥራ ከ3 እስከ 5 ዶላር ነው። አከፋፋዩ ድርሻውን ወይም ዓመታዊ ክፍያውን ይወስዳል። አንድ ሚሊዮን ጊዜ የተደመጠ ሥራ በዝቅተኛው ስሌት 3 ሺህ ዶላር ያመጣል፤ አንድ ሚሊዮን ግን ለተረት ካልሆነ በቀር በቀላሉ አይደረስበትም።

በነፃ የሚወርደው ዝናብ ራሱም በመጨረሻ ስሙ ደሞዝ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በሚያዝያ 2024 "ሳውንድስ ራይት" በተባለው ዕቅድ "ተፈጥሮ" እንደ አንድ አርቲስት ስፖቲፋይን በመሳሰሉት አገልግሎቶች ላይ ተመዘገበች። የወፍ ወይም የማዕበል ድምፅ የተጠቀመ ሙዚቀኛ ስሟን ከስሙ ጎን ይጽፋል፤ ከሮያሊቲው የሚደርሳት ድርሻም ለተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ይውላል። ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች አንዱ ብራያን ኢኖ ነበር። ከዴቪድ ቦዊ ጋር በ1990ዎቹ የሠራውን አንድ ዘፈን የቁራ፣ የዱር አሳማና የጅብ ድምፅ ጨምሮበት እንደገና አውጥቶታል። ጅቡን የአዲስ አበባ ዳር ነዋሪ እስካሁን ሌሊት ሌሊት በነፃ ይሰማዋል።